ማንም የማይቀመጥባት ወንበር

ጥቅምት 9፣ ሰኞ

ጋሽዬ፣

ሰላም ለአንተና ለእማዬ። "እኔ ደህና ነኝ" የሚለውን ለሌላ ቀን አቆይልኝ፤ ዛሬ ብጽፈው ውሸት ይሆናል፣ አንተ ደግሞ ውሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ታውቃለህ።

ሻንጣው ውስጥ የሸጎጥካትን ወረቀት ያገኘኋት ትናንት ነው፤ የልጅቷን ሹራብ ሳወጣ ወደቀች። ለጥያቄህ መልሱ፣ አዎ፣ አልጋ አግኝተናል። ስድስት አልጋ ያለው ክፍል ነው፣ ሁሉም ልጆች፣ ሁሉም የልብ ሕመምተኞች። የእኛ በመስኮቱ በኩል ነው። ለአስታማሚ አንዳንድ የብረት ወንበር ይሰጣል፤ የእኔው መደገፊያው ተነቅሎ ሁለት ብረት ብቻ ቀርቶታል። ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ስለምውል ወገቤ ተቆርጧል። አንተ ብታየው እጅህ አያስችልህም ነበር።

አለቃማ ክፍሉን በሁለት ቀን ተቆጣጥራዋለች። ስሙን ያወጣህላት አንተ፣ ጣጣውን የምችለው እኔ። ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ ነርሷን ጠርታ "መርፌ ከመውጋትሽ በፊት ለእኔ ነው የምትነግሪኝ፣ ለእናቴ አይደለም" አለቻት። ነርሷም እሺ አለች፤ ምን ታድርግ። ከንፈሯ ግን እንደዚያው ጠቁሯል። ከአልጋዋ እስከ መስኮቱ ስትሄድ መሃል ላይ ቆማ ትተነፍሳለች። ሐኪሙ የልቧ ቀዳዳ መደፈን አለበት፣ ካልተደፈነ ዓመቱን አትዘልቅም ብሎኛል። ይህን ፊት ለፊት ነው የነገረኝ፣ ሳያሽሞነሙን። ቀኑን ገና አልቆረጠም፤ መጀመሪያ ትንሽ ሥጋ ትልበስ አለ።

ለልብስ ሰፊዋ ደውይና እሷ ትጻፍልኝ ያልከውንም ሞክሬዋለሁ። ገና ሳልጨርስ ማልቀስ ጀመረች፣ መጨረሻ ላይ እኔ ሆንኩ የማጽናናት። ጎረቤታችን ደግ ሴት ናት፣ ግን የልጄን ነገር በሰው አፍ አልልክም። ጆሮህ ባይሰማ ዓይንህ ያነባል። አውቶቡሱ ሰኞና ሐሙስ ይነሳል፤ ሾፌሩ ደብዳቤ አደርሳለሁ ብሎኛል።

አንድ ነገር ብቻ። ለእማዬ ንገራት፤ ስትጸልይ የአለቃን ስም ትጥራልኝ። እኔ አፌን ስከፍት የሚወጣልኝ "እባክህ" ብቻ ነው፣ ከዚያ ወዲያ ቃሉ ያልቅብኛል።

እህትህ


ጥቅምት 12፣ ሐሙስ

ጢንዚዛዬ፣

ይህን ስም ስታነቢ ፊትሽን እንደምታጠቁሪ አውቃለሁ፤ አጥቁሪው፣ አላይሽ። ልጅ ሆነሽ የሰው ጸጉር ስትሠሪ በአፍንጫሽ ታንጎራጉሪ ነበር፣ ልክ እንደ ጢንዚዛ። መጋዙ ጆሮዬን ከወሰደው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከድምፅሽ የቀረልኝ እሱ ብቻ ስለሆነ ስሙን አልቀይርም።

ሾፌሩ ደብዳቤሽን ወርክሾፑ ድረስ አመጣልኝ። በር ላይ በተንጠለጠለው ደብተር፣ ደንበኞቼ የሚፈልጉትን በሚጽፉልኝ ላይ፣ የአፍ መልእክትሽንም ሦስት መስመር ጻፈልኝ። ፊደሉ እንደሚነዳበት መንገድ ይጎረብጣል።

ለጠየቅሽው፣ እማዬ ደህና ናት። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ዱላዋን ይዛ ግቢውን ትዞራለች። ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው ናት። የራሷን ወንበር በመስኮቱ በኩል ታደርጋለች፣ ያቺን አባታችን የሠራላትን ደግሞ ፊት ለፊቷ ስባ ታስቀምጣለች፣ ከዚያ ከእግዜር ጋር ወሬ ትጀምራለች። "እንዴት አቁሜው ላናግረው?" ትል አልነበር? ልጆች ሳለን ተቀምጠንባት የቀመስነውን ጥፊ እኔ እስካሁን አልረሳሁትም። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ደንበኛ በሩ እስኪያልቅለት አረፍ ልበል ብሎ ያቺው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። እማዬ በዱላዋ አስነሳችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም፣ የሰውየውን ፊት ግን አይቻለሁ። በሩን ሳይወስድ ነው የሄደው፣ እስካሁንም አልተመለሰም።

አንዷ እግሯ አጥራ ትወዛወዛለች፣ ታስታውሻለሽ። አናጢ ቤት ውስጥ ሆና መወዛወዟ ያሳፍራል። ግን ማንም ለማይቀመጥባት ወንበር ምን አለፋኝ እያልኩ ይኸው ስንት ዓመት።

ስለ አለቃ ነግሬያታለሁ። በየቀኑ ስሟን ትጠራለች፣ አንድም ቀን አታስታጉልም። በዚህ በኩል ሐሳብ እንዳይገባሽ። ደብተሩ ላይ የምትጽፍልኝን ግን ትታለች፤ ዓይኗ ደክሞ ይሆናል።

ወገብሽን አሳርፊው። የዚያን የብረት ወንበር ወርድ በእጅሽ ስንዝር ለክተሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 30፣ ሰኞ

ጋሽዬ፣

ሦስት ሳምንት ጠፋሁብህ። ይቅርታ ልልህ ነበር፣ ግን ይቅርታ ለማለትም ጉልበት ይጠይቃል፤ እንዳልኩህ ቁጠረው።

ሁለት ጊዜ ቀን ተቆርጦልን ነበር። ያልነገርኩህ አንተም አብረኸኝ ቀን እንዳትቆጥር ብዬ ነው። የመጀመሪያው ሲደርስ ሳል ያዛት፣ ሁለተኛው ሲደርስ ትኩሳት። ሁለቱንም ጊዜ ምንም ሳትበላ አድራ፣ ታጥባ፣ የሆስፒታሉን ቀሚስ ለብሳ ነበር። ሁለተኛውን ሲሰርዙት ሐኪሙን "ሰው ሲቀጠር ይመጣል" አለችው። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። አሁን ምንም ቀን የለንም።

እበላለሁ፤ ደጋግመህ አትጠይቀኝ። ሥራም አላጣሁም። ከሁለት ሳምንት በፊት የአንዷን ልጅ ጸጉር ሠራሁላት፤ በማግስቱ የክፍሉ እናቶች በሙሉ ማበጠሪያቸውን ይዘው መጡ። ከሰዓት በኋላ ሐኪሞቹ ሲወጡ ያንዷን ልጅ ጸጉር እጎነጉናለሁ፣ የሌላዋን እናት ሹሩባ እፈታለሁ። እጄ ሲሠራ ጭንቅላቴ ዝም ይላል። ማንጎራጎሬን ግን ትቻለሁ፤ አለቃ ናት የነገረችኝ።

በወዲያኛው ግድግዳ በኩል ያለችው አልጋ ባዶ ናት። አንሶላዋን ረቡዕ ቀየሩት። አለቃ የት ሄደች ስትለኝ ቤቷ ሄደች አልኳት። አንተ አትጠይቀኝ።

ያቺ ልጅ እናት ነበራት ጋሽዬ። እኔ "እባክህ" ብዬ አፌ ሲደርቅ እሷ ተንበርክካ ሰዓት ሙሉ ትቆይ ነበር። ጉልበቷ ላይ የሲሚንቶው ምልክት ይታይ ነበር። ከእኔ የተሻለች ነበረች፣ እውነቱን ልንገርህ። ከረቡዕ ወዲህ "እባክህ"ም አልወጣ አለኝ። አልተቆጣሁትም፤ ለመቆጣትም አጠገብህ ሰው ሊኖር ይገባል። የምናገረው ለግድግዳ መስሎ ነው የሚታየኝ። ዝም ብሎኛል፣ እኔም ዝም ብዬዋለሁ።

የቆምኩት በእማዬ ጸሎት ነው። በየቀኑ ስሟን ትጠራለች ያልካትን መስመር ቆርጬ አለቃ ትራስ ሥር አድርጌያታለሁ። እሷ እንዳታቋርጥ ብቻ አደራ።

የወንበሩ ወርድ ሁለት ስንዝርና አራት ጣት ነው። አንድ ልመናም ነበረኝ፤ እሱን በአፍ ለሾፌሩ ነግሬዋለሁ።

እህትህ


ኅዳር 3፣ ሐሙስ

ጢንዚዛዬ፣

ለዛሬ አጭር ናት፤ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው።

ሾፌሩ ጣሪያው ላይ ከትርፍ ጎማው ሥር አስሮ የሚያመጣልሽ ጣውላ መደገፊያ ነው። ከኋላ ሁለት ማቀፊያ አለው፤ ብረቶቹ ላይ ከላይ ወደ ታች ሰክተሽ ትጫኚዋለሽ። ሦስት ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼዋለሁ፣ ልብስ አይዝም።

በአፍ የላክሽውን ሾፌሩ ደብተሩ ላይ ጽፎልኛል፣ አንብቤዋለሁ። በሌላ ጊዜ እመልስልሻለሁ። ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል፤ የአንድ ትምህርት ቤት ዴስክ ይዤ ቀና ማለት አልቻልኩም።

ስለ ባዶዋ አልጋ አልጠየቅኩሽም።

ወንድምሽ


ኅዳር 7፣ ሰኞ

ጋሽዬ፣

መደገፊያህ ደርሷል፤ እጅህ ይባረክ። በሁለት ጣት ሰፍቶ አልሰካ አለ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስንዝሬን የለካሁት ጣቴን ዘርግቼ ይሁን ሰብስቤ እንጃ። አለቃ ግን አልጋዋ ላይ አጋድማ የሥዕል ጠረጴዛ አድርጋዋለች። "አጎቴ የላከልኝ ነው" ብላ ለነርሶቹ በሙሉ አሳይታለች። ለእኔ ነው የተላከው ብል ማን ይሰማኛል።

ጥያቄዬን ጆሮ ዳባ ልበስ አልከው። ጆሮ የለኝም እንዳትለኝ፣ በጽሑፍ ነው የደረሰህ። ምን ጠየቅኩህ? እማዬ እዚያች ወንበር ፊት ቁጭ ብላ የምትለውን ጻፍልኝ ነው ያልኩህ፣ ቃል በቃል። የራሴ ቃል አልቋል። የእሷን ይዤ እንደ ሕፃን እየተከተልኩ ልበል ብዬ ነው። ይህ ምን ይከብዳል? እንጨት አልለመንኩህ፣ የእናቴን ቃል ነው የለመንኩህ። ዴስክ በዝቶብኛል ትለኛለህ።

ተቆጥቻለሁ፣ ይታወቅህ።

ቀኑ ተቆርጧል። ኅዳር 17፣ ሐሙስ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ "ከዚህ በኋላ ሌላ ቀን መጠበቅ አትችልም፤ ብትስልም እናስገባታለን" አለኝ። ሊያበረታኝ ፈልጎ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፣ ዓይኑ ደም መስሏል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው፤ ሁላችንም እንቅልፍ ያጣን ነን።

ከሐሙስ በፊት እንዲደርሰኝ አድርግ። በሞቴ።

እህትህ


ኅዳር 12፣ ቅዳሜ

እህቴ፣

ዛሬ ጢንዚዛ አልልሽም። ዋሽቼሻለሁ፣ ለቀልድ የሚሆን ፊት የለኝም።

አንቺ ስትሄጂ እማዬ የዕቃ ቦታ የምትረሳ ነበረች። አሁን የምትረሳው ሰው ነው። አንቺ በሄድሽ በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ያለውን የአለቃን ፎቶ በጣቷ አሳይታ የማን ልጅ ናት አለችኝ። የልጅሽ ልጅ ናት አልኳት፣ እንዳትረሳው ብዬ ደብተሩ ላይም ጻፍኩላት። ደብተሩን ገልብጣ አየችውና መለሰችልኝ። ማንበብም መጻፍም ከዚያ ወዲህ ቀርቷል። በማግስቱ ስለ ፎቶዋ እንደገና ጠየቀችኝ። ከሦስት ቀን በኋላ አወረድኩት፤ መጠየቋን መቻል አቃተኝ። እኔንም አንዳንድ ቀን በአባታችን ስም ስትጠራኝ ከከንፈሯ አያለሁ። አቤት እላታለሁ።

ስትጸልይ ምን እንደምትል አላውቅም። ከሌላ ሰው ጋር ስታወራ ከንፈሯን አያለሁ። እዚያች ወንበር ፊት ግን አገጯን ደረቷ ላይ ደፍታ ነው፤ አፏ አይታየኝም። የአለቃን ስም ትጠራለች ያልኩሽ ከራሴ አውጥቼ ነው። አንድ ጊዜ ስጽፈው ለማጽናናት ነበር። አንቺ ቆርጠሽ ትራስ ሥር ስታደርጊው ማረም አቃተኝ።

ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ አንድ ቀን ሙሉ አሰብኩበት። ትናንት ጠዋት ልብስ ሰፊዋን ጠርቼ በሩ ሥር በርጩማ ሰጠኋትና የምትሰሚውን ሁሉ ጻፊልኝ፣ አታሳምሪው፣ አታስተካክዪው አልኳት። ጻፈች። ስትጨርስ ወረቀቱን አጣጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችና ሳታየኝ ወጣች። ሌላ ጊዜ እንባዋ ቅርብ ነው፣ ትናንት ግን አላለቀሰችም።

አንብቤዋለሁ። አልደብቅሽም፣ የአለቃ ስም የለበትም። እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

"መጣህ? በል ተቀመጥ። ቀስ ብለህ፣ እግሯ ትወዛወዛለች። ልጁ ያበጃታል እያልኩ... ልጁ ሥራ ይበዛበታል።

ዛሬ ብዙ አልጨቀጭቅህም። ደክሞኛል። አንተም ሳይደክምህ አይቀርም፣ የሁሉንም ስትሰማ ትውላለህ።

ያቺ ትንሿ ልጄ ትኩሳት ይዟታል። የት እንዳስተኟት ረሳሁት። ነግረውኝ ነበር፣ ረሳሁት። አንተ ታውቀዋለህ። ሰው ቤት ናት። ብቻዋን ናት፣ ሲከፋት አትናገርም፣ ዝም ብላ እጇን ሥራ ታስይዛለች። ዝም ስትል ደህና ናት ብለህ እንዳትሄድ። እንደሱ አይደለም።

አድንልኝ ብዬህ ነበር። ስንቴ አልኩህ? ሰልችቶህ ይሆናል። ዛሬ እሱ ይቅር። ዛሬ ሂድና አጠገቧ ተቀመጥ። ወንበር ካለ ወንበሩ ላይ፣ ከሌለም መሬት ላይ፣ አንተ አትጠየፍም። ምንም አትበላት፣ ተቀመጥ ብቻ። ሰው እንዳለ ይታወቃታል።

እዚህ ለእኛ አትቸኩል። እኔ አለሁ። ወንድሟም አለ፣ ጆሮ የለውም እንጂ ልብ አለው። በል ተነስ፣ እንዳይመሽብህ።"

ይኸው ነው። ትንሿ የምትላት አንቺ ነሽ። ስምንት ዓመትሽ ሳለ በዚያ ትኩሳት ሦስት ሳምንት የተኛሽበትን ይዛ ነው ያለችው። ሌላው ሁሉ ከእጇ ሲወድቅ እሱ ብቻ አልወደቀም። ልጅሽን ረስታታለች፤ አንቺን ግን አልለቀቀችሽም።

ይህ የጠየቅሽው ቃል አይደለም። ለአለቃ የሚሆን ፈልገሽ ነበር። ሌላ የለኝም።

ዝም ብሎኛል ላልሽው እኔ የማውቀው ነገር ትንሽ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእማዬን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። አንድም ቀን ሳታናግረኝ ግን አልዋለችም። ከዚህ በላይ አላውቅም።

ይቅር በዪኝ። ሰኞ ጠዋት ለሾፌሩ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ ማክሰኞ ይደርስሻል።

ወንድምሽ


ኅዳር 17፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ

እህቴ፣

የዛሬው አውቶቡስ ጠዋት ሄዷል፤ ይህች ወረቀት እስከ ሰኞ ኪሴ ውስጥ ትቀመጣለች። የምጽፈው እጄ ሥራ አልይዝ ስላለው ነው። መላጊያውን ሁለት ጊዜ አነሳሁት፣ ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩት። ልብስ ሰፊዋ ስልኳን ጠረጴዛዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። እኔ በየሩብ ሰዓቱ በሯ ላይ ብቅ እላለሁ፣ እሷ ገና ነው ስትል ራሷን ትነቀንቃለች፣ እመለሳለሁ።

ለቅዳሜው ደብዳቤዬ መልስ አልላክሽም። አልፈርድብሽም። እኔም ብሆን አልመልስም ነበር።

የዛሬ ጠዋቱን ልንገርሽ። ልክ በሁለት ሰዓት አይደለም፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ነበር። እማዬ እንደ ልማዷ ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቷ አደረገች። እኔ እንደ ልማዴ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ዛሬ አንገቷን አልደፋችም። ወንበሯን አየችና ዘወር ብላ እኔን አየችኝ። ከዚያ የወንበሯን መቀመጫ በመዳፏ መታ መታ አደረገችልኝ፣ ለሕፃን ና ተቀመጥ እንደሚባለው። ዱላዋ አጠገቧ ስለነበር አላመንኳትም። በእጄ "አይሆንም፣ ባለቤት አለው" ብዬ አሳየኋት። አሁንም መታ መታ አደረገች። አሁንም እምቢ አልኩ።

ተነስታ መጣችና ከጆሮዬ ላይ እርሳሴን ወሰደች። ደብተሩን ከምስማሩ አወረደችው። ጭኗ ላይ አስደግፋ ረጅም ጊዜ ጻፈች፤ ያ ሁሉ ጊዜ የፈጀባት ለአራት ቃል ነው። ፊደሎቹ እየተደገፉ ነው የቆሙት፣ ግን ይነበባሉ። ገጹን ቀድጄ አብሬ ልኬልሻለሁ፣ እኔ አልፈጠርኩትም። እንዲህ ይላል፦

"ተቀመጥ። ልጄ ጋ ሄዷል።"

ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ። እጄን ያዘችኝና እንደዚያው ቆየን፣ እሷ መስኮቱን እያየች፣ እኔ እሷን እያየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈራት የኖርኩት ወንበር ከሌላው ምንም አይለይም፤ ትንሽ ጠባብ ናት፣ ደግሞም በጣም ትወዛወዛለች። ነገ እግሯን አበጅላታለሁ።

ልብስ ሰፊዋ አሁንም ራሷን ነቀነቀች።

ወንድምሽ


ኅዳር 20፣ እሁድ

ጋሽዬ፣

አለቃ ነቅታለች። ይህን ሐሙስ ማታ በልብስ ሰፊዋ ስልክ በአንዲት ቃል አስነግሬሃለሁ፤ ደግሜ የምጽፈው ስጽፈው ደስ ስለሚለኝ ነው። ነቅታለች። ከንፈሯ የሌላ ሰው መስሏል፤ ቀይ ነው ጋሽዬ፣ የሕፃን ከንፈር ነው። ቱቦውን ሲያወጡላት መጀመሪያ ውሃ አለች፣ ቀጥላ ነርሷን "ሳትነግሩኝ ነው ያስተኛችሁኝ" ብላ ወቀሰቻት። ሐኪሙ ገና ብዙ ይቀራል ብሏል። ሁለት ሳምንት እዚሁ፣ ከዚያ በየወሩ መመላለስ። ተስፋ አለ አለ እንጂ ድናለች አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም። ደክሞኛል፤ ደስታውን እንኳ በቁመቱ መሸከም አልቻልኩም፣ ቁጭ ብዬ በትንሽ በትንሹ ነው የምቀበለው።

ከዚያች ከቅዳሜዋ ወዲህ ከአንተ የደረሰኝ የለም። ምናልባት መልሴን እየጠበቅክ ይሆናል፣ ይኸው።

ማክሰኞ ነው ያነበብኩት። ተቆጣሁህ፣ ከአንተ ይልቅ ግን እማዬን ነው የተቆጣሁት። በዚህ ሰዓት የልጄን ስም እንዴት ትረሳለች? ሁሉን ስትረሳ እኔን ምን ልታደርገኝ ያዘችኝ? ጸሎት የሚያስፈልገኝ እኔ ነኝ እንዴ? ከትራሱ ሥር ያለችውንም ቁራጭ አውጥቼ ጣልኳት። ረቡዕ ሙሉ ቀን ማንንም አላናገርኩም። ማንም ሳይጠይቀኝ የሦስት ሴቶች ጸጉር ሠራሁ። ሦስተኛዋን ስጨርስ "ዝም ብላ እጇን ሥራ ታስይዛለች" ያለችው ትዝ አለኝና ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። እዚህ ያለ ሁሉ፣ አንተም ጭምር፣ ልጅቷ እንዴት ናት ነው የሚለኝ፤ ትክክል ነው፣ እኔም የምለው እሱን ነው። እኔን ግን ማንም አላየኝም ነበር። አእምሮዋ የጠፋው እማዬ ናት ያየችኝ። ያቺው ሴት ትከሻ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ምስኪን፣ ጸጉሯ ተበላሽቶ ይሆን ብላ ደነገጠች።

ሐሙስ ጠዋት የአለቃን ጸጉር ለሁለት ጎነጎንኩላት፣ ቆቡ እንዳያስቸግራት ዝቅ አድርጌ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ወሰዷት። በሩ ድረስ እጇን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ "በቃ፣ እዚህ ጋ ተመለሺ" አለችኝ። አለቃ ናትና ተመለስኩ።

መጠበቂያው ረጅም ኮሪደር ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው በብረት የተያያዙ ወንበሮች አሉት። አንዱ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሌላው ላይ ቦርሳዬን አደረግኩ። "አድናት" ልል ሞከርኩ፣ አፌ እንደ እንጨት ደረቀ። ከዚያ "ወንበር ካለ ወንበሩ ላይ" ያለችው መጣብኝ። ቦርሳዬን አንስቼ መሬት ላይ፣ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት። ይኸው ነው ያደረግኩት። ምንም አላልኩም፣ ዓይኔንም አልጨፈንኩም። አንተ ብታየኝ ዕቃ የምታሸጋሽግ ሴት ነው የምመስልህ።

ነገሩ ያኔውኑ ቀለለኝ ብልህ ውሸት ነው። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፣ እስከ መጨረሻው አልለቀቀኝም። ብቻዬን መሆኔ ግን ቀረ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ከዚህ በላይ ማስረዳት አልችልም።

አምስት ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት መጣች። እሷም የምትጠብቀው ሰው ውስጥ ነው፣ ባሏ መሰለኝ። እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ኮሪደሩ ሞልቷል፣ ከእኔ አጠገብ ያለው ብቻ ነው ባዶ።

"ሰው አለበት?" አለችኝ።

"አዎ፣ አለበት" አልኳት።

ሳላስበው ነው የወጣው፤ ልመልሰው ብልም አልቻልኩም። ሴትየዋ ወንበሩንም እኔንም አየች። እብጠቷን ሳይ አላስቻለኝም፣ ተነስቼ የራሴን ለቀቅኩላት። እንደ እብድ እያየችኝ ተቀመጠች። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እስከ ሰባት ሰዓት ቆሜ ጠበቅኩ። እሷ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት፣ ስትተኛ ግን ወደ ባዶው ወንበር እንዳትጋደል ተጠንቅቃ ነበር።

በሩ ተከፍቶ ነርሷ ስትጠራኝ ሴትየዋ ብንን አለች።

"ያ የጠበቅሽለት ሰው ሳይመጣ ቀረ" አለችኝ።

"እዚሁ ነበረ" አልኳትና ቦርሳዬን አንስቼ ወደ አለቃ ሄድኩ።

እህትህ፣ ጢንዚዛ